«ዝናቡ የት ይሄዳል?» አንባቢያን ይጠይቃሉ፣ አርክቴክቷ ትመልሳለች

ሰሞኑን የደረሱኝን ደብዳቤዎች ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ሳነብ አንድ ነገር ገረመኝ። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም፤ ግን ሁሉም አንድ መንገድ ላይ ናቸው። አንዷ ገና ተማሪ ናት። አንዱ ዘንድሮ የተመረቀ ነው። አንዱ ዕድሜውን ሳይት ላይ ያሳለፈ ፎርማን ነው። አንዷ ደግሞ የራሷን ቢሮ እየመራች ማስተማር ልትጀምር ነው። እኔ ግማሽ ሳምንቴን ስቱዲዮ (የዲዛይን መማሪያ ክፍል) ውስጥ ከተማሪዎች ጋር፣ ግማሹን ቢሮና ሳይት ላይ ነው የማሳልፈው። ጥያቄዎቹ ሁሉ የእኔም ነበሩ፤ አንዳንዶቹ አሁንም ናቸው። የዛሬውን አምድ ሙሉውን ለእነሱ ሰጥቻለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህርት፣ የሦስተኛ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። ባለፈው ጁሪ (መምህራን ሥራችንን የሚገመግሙበት መድረክ) የቤተ መጻሕፍት ዲዛይን ይዤ ቀረብኩ። ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ የሠራሁትን ሞዴል ማንም ቀና ብሎ አላየልኝም። አንዱ መምህር «ኮንሴፕቱ ደካማ ነው» ብሎ አለፈ። ሌላዋ ደግሞ መጽሐፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ጠየቀችኝና አፌ ተሳሰረ። ከዚያ ወዲህ እርሳስ ማንሳት አስጠልቶኛል። ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም ማለት ነው?
(የሦስተኛ ዓመት ተማሪ)

መልስ፦ እህቴ፣ «ኮንሴፕቱ ደካማ ነው» የሚለውን ለጊዜው ተዪው። ምኑ ላይ እንደሆነ ካልተነገረሽ ምንም ልታደርጊበት አትችይም። እኔ ጁሪ ላይ ባልደረባዬ እንዲህ ሲል ከሰማሁ «የትኛው ሥዕል ላይ ነው ያየኸው?» ብዬ እዚያው እጠይቃለሁ። አንቺም በትሕትና መጠየቅ ትችያለሽ፤ መብትሽ ነው። የመጽሐፍ ክብደት የጠየቀችሽን መምህርት ግን አመስግኛት። ትልቅ ነገር ነው የሰጠችሽ።

ምን መሰለሽ፣ መጽሐፍ ከባድ ነው። የአሜሪካው የጭነት ደንብ የንባብ ክፍል ወለል በካሬ ሜትር ቢያንስ 2.87 ኪሎ ኒውተን (የጭነት መለኪያ ነው) ታስቦለት ይሠራ ይላል። የመጽሐፍ መደርደሪያ ክፍል ግን 7.18። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። መደርደሪያውን የት ታስቀምጪያለሽ የሚለው ጥያቄ ኮለኖቹ ምን ያህል ይራራቁ፣ ሶሌታው ምን ያህል ይወፍር የሚለውን ይዞ ይመጣል። በዚያ ላይ ፀሐይ መጽሐፍ ታበላሻለች፤ አንባቢ ደግሞ ብርሃን ይፈልጋል። አሁን ሁለቱን አንድ ላይ አስቢያቸው። ከባዱና ፀሐይ የማይወደው ወደ መሃል፣ ብርሃን የሚፈልገው ሰው ወደ መስኮቱ።

አርክቴክቱ ሉዊ ካን አሜሪካ ውስጥ ለፊሊፕስ ኤክሰተር ትምህርት ቤት የሠራው ቤተ መጻሕፍት እንዲሁ ነው። ግንባታው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተጠናቀቀ። መጻሕፍቱን የሚሸከመው የውስጠኛው ቀለበት ኮንክሪት ነው። አንባቢዎቹ የሚቀመጡበት የውጭኛው ቀለበት ጡብ ነው። የንባብ ጠረጴዛዎቹ ከእንጨት ተሠርተው መስኮቱ ሥር ተገጥመዋል። ተማሪዋ መጽሐፏን ከመሃል ታነሳና ወደ ብርሃኑ ትወጣለች። እኔ ኮንሴፕት የምለው ይህን ነው። ከክብደትና ከብርሃን የወጣ ስለሆነ ማንም ጁሪ ላይ ተነስቶ ደካማ ነው ሊለው አይችልም።

እኔ ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህር ነበሩን። ሥዕላችን ፊት ቆመው ብዙ አይናገሩም። ሴክሽኑን (ሕንፃው ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ሲታይ የሚያሳየውን ሥዕል) ረጅም ጊዜ ያዩና «ዝናቡ የት ይሄዳል?» ይላሉ። በቃ፣ ወደሚቀጥለው ተማሪ ያልፋሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእኛ ነው። ጣራው ጠፍጣፋ ከሆነ ውኃ ይቋጥራል፣ ተዳፋት ያስፈልገዋል። ተዳፋቱ ወዴት ይሁን? ውኃው የሚሰበሰበው የት ነው? ወደ ታች የሚያወርደው ቱቦስ በየት ያልፋል? መሃል አዳራሹን ሰንጥቆ ሊያልፍ አይችልም። ከመጸዳጃ ቤቶቹ ቱቦዎች ጎን በአንድ ሻፍት (ቱቦዎች የሚወርዱበት ቀጥ ያለ መተላለፊያ) ይውረድ ብለን እንወስናለን። ታዲያ ሻፍቱ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ መጸዳጃ ቤቶቹ በየፎቁ አንዱ ካንዱ በላይ መሆን አለባቸው። አልነበሩም። ፕላኑ እንደገና ይሣላል። በአንዲት ጥያቄ ከጣራ እስከ መሠረት ወርደን እንመለሳለን።

አንቺም እንዲህ አድርጊ። ከጁሪው የተባለውን ሁሉ ጻፊና መልሱ ሕንፃው ውስጥ ሊገኝ የሚችለውን ለይ። የመጽሐፍ ክብደት፣ ዝናብ፣ ፀሐይ፣ ሰው ቦርሳውን የት ያስቀምጣል፣ ቤተ መጻሕፍቷን የምትጠብቀዋ ሴት ከተቀመጠችበት ማንን ማየት ትችላለች። እነዚህን አንድ በአንድ በሴክሽን መልሺ። ሌላው አስተያየት ይቆይ።

እንቅልፍ ማጣትን በተመለከተ ግን ጠንከር ብዬ ልንገርሽ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ውስጥ የማስረከቢያው ሰዓት ሲደርስ ሥዕል የሚሰበስብ ጋሪ ነበር። ተማሪዎቹ ጋሪው ላይ ሆነው ሳይቀር ይሥሉ ነበር ይባላል። ሙያችን ይህን እንደ ጀግንነት እያወራ ብዙ ልጆች ጎድቷል። ያልተኛ ሰው ጥያቄ ሲጠየቅ አፉ ይሳሰራል፤ ያንቺም አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። የእኔ ስቱዲዮ ተማሪዎች ሥራቸውን ከጁሪው በፊት ባለው ቀን ቀትር ላይ ያስረክባሉ። ከዚያ በኋላ የተጨመረ መስመር አላይም። ሌሊቱን ይተኛሉ፣ ጠዋት ቆመው ይከራከራሉ። ጁሪ የሚያስፈልገው ለዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ ተመረቅኩ። ውጤቴ ጥሩ ስለነበር ትምህርት ክፍሉ ረዳት መምህር ሁን ብሎኛል። አንድ ትልቅ ቢሮም ሊቀጥረኝ ፈቃደኛ ነው። አባቴ «መምህርነት ክብር ነው» ይላል። ጓደኞቼ «አሁን ቢሮ ካልገባህ እዚያው ትቀራለህ» ይሉኛል። የትኛውን ልያዝ?
(አዲስ ተመራቂ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። አንድ ሕንፃ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ከመሠረት ቁፋሮ እስከ ቁልፍ ርክክብ ድረስ ሳታይ አታስተምር። ለምን እንደምል በአንድ መወጣጫ ደረጃ ላሳይህ።

ትምህርት ቤት ደረጃ መሣል ተምረሃል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው አርክቴክትና መምህር ፍራንስዋ ብሎንዴል ያስቀመጣት ስሌት ዛሬም ትሠራለች። የሁለት ደረጃ ከፍታ ሲደመር የአንድ መርገጫ ስፋት ከሰው እርምጃ ጋር ይመጣጠን፤ በዛሬው ልኬት ከ60 እስከ 64 ሴንቲ ሜትር። ከወለል ወለል 3.06 ሜትር ካለህ 18 ደረጃ በ17 ሴንቲ ሜትር ታደርጋለህ። መርገጫው 29። ሁለቴ 17 ሲደመር 29፣ 63 ይመጣል። ፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ ታገኝበታለህ።

ሳይት ላይስ? ኮንክሪቱ በሥዕልህ መሠረት ሁሉም 17 ሆኖ ተሞላ እንበል። ከዚያ ንጣፍ ይመጣል። የወለሉ ንጣፍ ከነሥሩ 5 ሴንቲ ሜትር ይወፍራል፤ የደረጃው 3። አሁን ቁጠር። ታች ያለው ወለል በ5 ከፍ አለ፣ የመጀመሪያው መርገጫ ግን በ3 ብቻ። የመጀመሪያው ደረጃ 15 ሆኖ ቀረ። ላይኛው ፎቅ ስትደርስ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ የመጨረሻው 19 ሆነ። መሃሉ ሁሉ 17። የሰው እግር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ደረጃዎች ይለካና ቀሪውን ሳያይ ይወጣል። መጨረሻ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ተጨምሮ ሲጠብቀው ይደናቀፋል። አሮጊት ከሆነች ትወድቃለች።

ይህን ያስተማረኝ ፎርማን ነው። ገና ፎርምወርኩ (ኮንክሪት የሚሞላበት ሻጋታ) ሲገጠም ሜትሩን አወጣ። ግድግዳው ላይ ያለቀለት ወለል የሚደርስበትን በእርሳስ ምልክት አደረገ፤ ታችም ላይም። «ልጄ፣ ደረጃ የሚቆጠረው ከዚህ ነው» አለኝ። ኮንክሪቱ ታች 19፣ ላይ 15፣ መሃሉ 17 ሆኖ ተሞላ። ንጣፉ ሲያልቅ ሁሉም 17 ሆኑ። እኔ ዛሬ የደረጃ ሥዕል ሳስተምር ሁለት መስመር ነው የማስሥለው። አንዱ የኮንክሪቱ፣ አንዱ ያለቀለት ወለል። ተማሪዎቼ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ሰውዬው ያደረገውን እነግራቸዋለሁ።

እርግጥ ሌላ መንገድ የሄዱም አሉ፤ ልደብቅህ አልፈልግም። አርክቴክቷ ዛሃ ሐዲድ ለንደን በሚገኘው የአርክቴክቸር አሶሲዬሽን ትምህርት ቤት በ1977 ዲፕሎማዋን ይዛ እስከ 1987 ድረስ እዚያው አስተማረች። በ1983 የሆንግ ኮንግን የ«ፒክ» ውድድር አሸነፈች፤ አልተገነባም። ስሟን በግንባታ ያስጠራው በጀርመን የቪትራ የእሳት አደጋ ጣቢያ ያለቀው በ1993 ነው። ካን ደግሞ ከፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ በ1924 ተመርቆ ብዙ ዓመት ቢሮ ሠራ። የል ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲጀምር 1947 ነበር፤ 46 ዓመቱ። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራው የየል የሥነ ጥበብ ጋለሪ ሲያልቅ 1953 ሆኗል። ታላላቅ ሥራዎቹ ሁሉ የመጡት ማስተማር ከጀመረ በኋላ ነው። ማስተማሩ አሳቢ አደረገው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ተማሪ ፊት ሲቆም ከ20 ዓመት በላይ የሥራ ልምድ ይዞ ነበር።

የቢሮውን ጉዳይ ግን አጣራ። ትልቅ ቢሮ ገብቶ ዓመት ሙሉ የመጸዳጃ ቤት ንጣፍ ሲያሰማምር የከረመ ልጅ አውቃለሁ። ስትጠየቅ ብቻ አትመልስ፤ አንተም ጠይቅ። ሥዕሌን ማን ነው የሚያርምልኝ? ሳይት መሄድ እችላለሁ? ከስትራክቸራል መሐንዲሱ ጋር ስብሰባ ላይ እቀመጣለሁ? ለሦስቱም «አይ» ከተባልክ ወደ ትንሽ ቢሮ ሂድ፤ ደመወዙ ቢያንስም። ለትምህርት ክፍሉም በአክብሮት «ከጥቂት ዓመት በኋላ እመጣለሁ» በል። ጥሩ ትምህርት ክፍል ይጠብቅሃል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 38 ነው። አናጺ ሆኜ ጀምሬ ዛሬ ፎርማን ነኝ። ሥዕል አነባለሁ። አርክቴክቱ የሣለው ነገር እንደማይሠራ ብዙ ጊዜ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። አሁን ገብቼ አርክቴክቸር ልማር ብል ከልጆች ጋር ተቀምጬ መሳቂያ አልሆንም? ያለ ዲግሪ የሠሩ ትልልቅ አርክቴክቶች አሉ የሚባለውስ እውነት ነው?
(ፎርማኑ)

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምርልዎት። እውነት ነው። ሚስ ቫን ደር ሮኸ የድንጋይ ጠራቢ ልጅ ነበር፤ አርክቴክቸርን በትምህርት ቤት አልተማረም። ታዳኦ አንዶም ራሱን በራሱ ያስተማረ ነው፤ በ1995 ለአርክቴክቶች የሚሰጠው ታላቁ የፕሪትዝከር ሽልማት ተሰጥቶታል። የሚገርመው ሁለቱም በኋላ መምህራን ሆኑ። ሚስ ከ1938 ጀምሮ ለ20 ዓመት ቺካጎ ውስጥ የአርክቴክቸር ትምህርት ክፍል መርቷል። ተማሪዎቹ መጀመሪያ መስመር በትክክል መሣል፣ ከዚያ እንጨት፣ ድንጋይና ጡብ እንዴት እንደሚያያዝ ይማሩ ነበር። እርስዎ ይህን ክፍል አልፈውታል ማለት ነው።

ዛሬ ግን በእነሱ መንገድ ልሂድ ቢሉ አልመክርዎትም። በብዙ አገር አርክቴክት ተብሎ ለመፈረም ዲግሪ፣ የተመዘገበ የሥራ ልምድና ፈተና ይጠየቃል። በአሜሪካ ለምሳሌ የሚጠየቀው የልምድ ሰዓት 3,740 ነው፤ ፈተናውም ለብቻው አለ። ሕጉ የተሠራው ሕንፃ ሰው ላይ እንዳይወድቅ ነውና ተገቢ ነው።

የእርስዎ ሰው ፍራንሲስ ኬሬ ነው። በ1965 ቡርኪና ፋሶ ጋንዶ መንደር ተወለደ። አናጺ ነበር። ወደ ጀርመን የሄደውም ለአናጺነት ሥልጠና ነው። በርሊን ውስጥ አርክቴክቸር ተምሮ በ2004 ሲመረቅ ዕድሜው ወደ 40 ተጠግቷል። ገና ተማሪ ሳለ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ሠራ፤ በ2001 አለቀ። ግድግዳው ትንሽ ሲሚንቶ ከተጨመረበት ሸክላ አፈር የተጨመቀ ብሎኬት ነው። ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ግን ያቃጥላል። ስለዚህ ከግድግዳው ከፍ አድርጎ ከቀጭን ብረት በተሠራ ትራስ (ጣራ የሚሸከም የብረት መዋቅር) ላይ አነሳው። ከሥሩ ክፍተት ያለው ኮርኒስ አደረገ። ሞቃቱ አየር በክፍተቱ ወጥቶ በጣራው ሥር ይሄዳል። ሥራውን የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ሠሩት። ትራሱ በመንደሩ ሰው እጅ ሊበየድና ሊነሳ እንዲችል ሆኖ የታሰበው ኬሬ የእጅ ሥራ ስለሚያውቅ ይመስለኛል። ከ2017 ጀምሮ ሙኒክ ፕሮፌሰር ነው። በ2022 ፕሪትዝከርን አግኝቷል፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው።

መሳቂያ አይሆኑም። ስቱዲዮ ውስጥ ከሙያው የመጣ ሰው ስለ ፎርምወርክ አነቃቀል ሲያወራ ልጆቹ ጆሯቸውን ነው የሚሰጡት። የእርስዎ ፈተና ሌላ ቦታ ነው። «እንዲህ አይሠራም» የሚለው ቃል ቶሎ ከአፍዎ ይወጣል። ሳይት ላይ ይህ ቃል ሰው ያድናል። ስቱዲዮ ውስጥ ግን ገና ያልተወለደ ሐሳብ ይገድላል። ለአንድ ሴሚስተር ያህል በእሱ ፋንታ «እንዲሠራ ምን ያስፈልገዋል?» ብለው ይጠይቁ። ይከብዳል፤ ይቻላል።

እስከዚያው እጅዎን አያስቦዝኑ። ራስዎ ከሠሯቸው ሕንፃዎች አንዱን ይምረጡ። ሜትርና ቱምቢ ይዘው ሄደው ይለኩት፤ ፕላኑን በ1 ለ50፣ አንድ ጥግ ደግሞ በ1 ለ10 ይሣሉት። ጣራው ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን ቢመርጡ ደስ ይለኛል። ትምህርት ቤቱ የሥራ ማሳያ ከጠየቀዎት ይህን ይስጧቸው። ሒሳብዎንም ይከልሱ፤ ሦስት ማዕዘን ከረሱ ስትራክቸር ላይ ይቸገራሉ።

ጥያቄ፦ የራሴ ትንሽ ቢሮ አለኝ። ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ የሁለተኛ ዓመት ስቱዲዮ እንዳስተምር ተጋብዣለሁ። መሥራት እችላለሁ፤ ማስተማር ላይ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ከየት ልጀምር? ቢሮዬስ አይጎዳም?
(የቢሮ ባለቤት)

መልስ፦ እንኳን ደህና መጡ። ከእርሳስዎ ይጀምሩ።

አንድ ሕግ አለኝ፤ አልጥሰውም። እርሳሴን የተማሪ ሥዕል ላይ አላሳርፍም። ትሬሲንግ ወረቀት ከላይ አነጥፍና እዚያ ላይ እሥላለሁ። የተማሪዋ መስመር ከሥር ይታያል፤ አልተነካም። እየሣልኩ ምክንያቱን ጮክ ብዬ እናገራለሁ። «ይህን ግድግዳ ወደዚህ የሳብኩት በሩ ሲከፈት ደረጃውን እንዳይዘጋ ነው።» ከዚያ ወረቀቱን ገልብጬ ሌላ አማራጭ እሥላለሁ፤ ሁልጊዜ ሁለት። አንድ ብቻ ከሣልኩ ትእዛዝ ይመስላታል። ስነሳ ወረቀቶቼን ጠቅልዬ ይዤ እሄዳለሁ። አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህን እንደ ክፋት ያዩታል። እኔ ግን ብተወው መስመሩን እንደምትገለብጥ አውቃለሁ። ወረቀቱ ሲሄድ የሚቀራት ምክንያቱ ነው፤ መስመሩን ራሷ ማግኘት አለባት።

ሁለተኛው፣ ተማሪው ስለ ሕንፃው እንዲያወራ አይፍቀዱለት፤ እንዲያስገባዎት ያድርጉ። ጣቱን ፕላኑ ላይ ያስቀምጥና ከመንገድ ይነሳ። «አሁን በር ላይ ነኝ። ቁልፌን አወጣሁ። ዝናብ ነው፤ የት ልቁም?» ጣቱ የሚቆምበት ቦታ ላይ ችግሩ አለ። እርስዎ ምንም መናገር አያስፈልግዎትም።

ሁሉን ነገር ብቻዎን ለማወቅም አይድከሙ። ባውሃውስ የተባለው የጀርመን የዲዛይን ትምህርት ቤት በ1919 ቫይማር ላይ ሲከፈት እያንዳንዱ ወርክሾፕ ሁለት መምህር ነበረው፤ አንዱ ለቅርጽ፣ አንዱ ለእጅ ሙያ። የእኔ ስቱዲዮ ሁለተኛ መምህር ሳይት ነው። በሴሚስተሩ ውስጥ ተማሪዎቼን ፌራዮው ብረት ሲያስር፣ ግንበኛው ውኃ ልክ ሲጥል ወዳለበት እወስዳቸዋለሁ። ፌራዮው ራሱ እንዲያስረዳ እጠይቀዋለሁ። ኮራ ብሎ ነው የሚያስረዳው፤ ደስ ይላል።

ቢሮዎ ይጎዳል ወይ? ጊዜዎ ይጎዳል። ስቱዲዮ ቀኑን ይበላዋል፤ ስልክም አያነሱም። ለደንበኞችዎ «በእነዚህ ቀናት የለሁም» ብለው ከወዲሁ ይንገሩ። ሥራዎ ግን ይጠቀማል። አንዲት ተማሪ አንድ ጊዜ የእኛን ቢሮ ፕላን አይታ «ኮሪደሩ ለምን 1.50 ሆነ?» አለችኝ። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ ሰው ዞሮ ለመመለስ 1.50 ሜትር ያህል ክብ ቦታ ስለሚያስፈልገው ነው አልኳት። «ታዲያ በሩ ወደ ኮሪደሩ ሲከፈትስ?» ብላ ቀጠለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሯችን ውስጥ እያንዳንዱ ፕላን ላይ ያ ክብ ይሣላል፤ በሩ ከተከፈተ በኋላ የቀረው ቦታ ላይ። ቢሮ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም ስለሚያውቅ ሁሉም ዝም ይላል።

ሕንዳዊውን አርክቴክት ባልክሪሽና ዶሺን ያስቧቸው። በ1951 ወደ ፓሪስ ሄደው ለዝነኛው አርክቴክት ለሌ ኮርቡዚዬ ሠሩ። ሕንድ ተመልሰው የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ። በ1962 አህመዳባድ ላይ የአርክቴክቸር ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ሕንፃውንም የነደፉት ራሳቸው ናቸው። ካን በዚያው ከተማ የአስተዳደር ትምህርት ተቋሙን ሲሠራ አብረውት ሠሩ። ቢሮውንም ትምህርት ቤቱንም አልተዉም። ኢንዶር ውስጥ አራንያ በተባለው ሰፈር ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች መሠረት፣ መጸዳጃና የውኃ መስመር ያለው ቦታ ሰጥተው ቀሪውን ቤተሰቡ እንደ አቅሙ እንዲጨምር አደረጉ። ለእኔ ይህ የመምህር ዲዛይን ነው። ለሚቀጥለው ሰው ቦታ ይተዋል። ፕሪትዝከር በ2018 ሲሰጣቸው 90 ዓመታቸው ነበር።

አንድ ነገር ግን አደራ። ተማሪዎችዎን ለቢሮዎ ውድድር በነጻ አያሠሩ። «ልምድ ያገኛሉ» የሚባለውን አልቀበለውም። የስቱዲዮ ሥራቸው የራሳቸው ነው። ቢሮ ከጠሯቸው ደመወዝ ይክፈሏቸው፤ ስማቸውንም ሥዕሉ ላይ ይጻፉ። ይህ ሙያ ከታች ያሉትን እየጋለበ ብዙ ዘመን ኖሯል። በእኛ እጅ ይብቃ።

ጥያቄ፦ አሁን ሁሉም በኮምፒውተር ሆኗል። ምስል የሚሠራ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም መጥቷል። በእጅ መሣል መማር ጊዜ ማባከን አይደለም?
(የሁለተኛ ዓመት ተማሪ)

መልስ፦ አይደለም። ኮምፒውተር እኔም እጠቀማለሁ፤ ያለ እሱ የሥራ ሥዕል አናወጣም። ችግሩ ስክሪን ላይ ስኬል (የሥዕሉ መጠን ከእውነተኛው ሕንፃ ጋር ያለው ንጽጽር) የለም፤ ታጎላለህ፣ ታሳንሳለህ። በ1 ለ100 መታየት ያለበትን ሕንፃ ይዘህ የበር እጀታ ስታስተካክል ትውላለህ። ወረቀት ላይ ግን ስኬሉ ያስገድድሃል። በ1 ለ200 እጀታ መሣል አትችልም፤ የምታስበው ስለ ግቢውና ስለ ፀሐይዋ ብቻ ነው። የሚያምር ምስል የሚሠራልህ ፕሮግራም ደግሞ ዝናቡ የት እንደሚሄድ አይነግርህም። መጀመሪያ በእጅህ ወስን፣ ከዚያ በኮምፒውተር አጣራ።

ጥያቄ፦ ልጄ አርክቴክት እሆናለሁ ብላለች። ሒሳብ ትወዳለች፤ ሥዕል ግን ጨርሶ አትችልም። ላበረታታት ወይስ ምሕንድስና ያዢ ልበላት?
(እናት)

መልስ፦ ያበረታቷት። ከላይ ያነሳኋት ዛሃ ሐዲድ ለንደን ከመግባቷ በፊት ቤይሩት ሒሳብ ነው የተማረችው። በ2004 ፕሪትዝከርን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። እኛ የምንፈልገው ሥዕል የሰው መልክ የሚያስመስል አይደለም፤ ልኬት ያለው ሥዕል ነው። እሱ ደግሞ ይለመዳል።

ልጅዎ ሜትር፣ ማስመሪያና እርሳስ ትያዝ። የምትተኛበትን ክፍል ትለካ። ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ በሩን፣ አልጋውን። በ1 ለ50 ትሣለው፤ 4 ሜትር ግድግዳ ወረቀቱ ላይ 8 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የግድግዳውን ውፍረትም ትለካ፤ ጀማሪዎች እሱን ይረሳሉ። ከዚያ በሌላ ወረቀት አልጋውን፣ ጠረጴዛውንና በሩን የት ብታደርግ እንደሚሻል ሦስት አማራጭ ትሣል፤ ከእያንዳንዱ ሥር ምክንያቱን ትጻፍ። ሥራውን እየሠራች ምሳ ከረሳች ማመልከቻውን ያስሞሏት። ከፈለገች ወረቀቶቹን ለአምዱ ትላክልኝ፤ በትሬሲንግ ወረቀት አይቼ እመልስላታለሁ።